ውስጡን ለቄስ የሆነ ግድግዳ

ቤት የሚሠራ ሰው ምክር አያጣም። መሠረት ሲያስወጣ፥ ግድግዳ ሲያቆም፥ ቆርቆሮ ሲያለብስ ጎረቤቱም ዘመዱም የሚለው አለው። በቤቱ ላይ የተቀጠለውን ክፍል አፍርሶ የቀረውን ግድግዳ ለሚጠግን ሰው ግን መካሪው ጥቂት ነው፤ ማፍረስ ዕውቀት የማይፈልግ ሥራ ይመስላልና። እኛም እንዲሁ ስናስብ ቆይተን ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን በገዛ ቤታችን ላይ ተማርን። የተማርነውንም ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን።

በቂሊንጦ የምንኖርበት ቤት በብሎኬት የተሠራ ነው። ከጓሮው በኩል አንዲት ማድ ቤት ተቀጥላበት ነበር። ግድግዳዋ ተሰነጣጥቆ ጣራዋም ስለ ዘመመ በግንቦት ወር አስፈረስናት፤ ሥራውም ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። በቤቱ ግድግዳ ላይ የቀሩት ሰፊ የጥቀርሻ መደብ፥ ጣራዋ ያረፈበት ቦይና ከብሎኬቱ መካከል ብቅ ያሉ የፌሮ ጫፎች ነበሩ፤ ከሥሩም የስሚንቶ ወለሏ ቀረ። ክረምቱ ደርሶብን ነበርና ጠባሳውን በስስ ልስን ሸፍነን ነጭ ቀለም ቀባነው። ያየው ሁሉ «አበጃችሁ» አለን፤ እኛም ደስ አለን።

በሐምሌ አጋማሽ ቀለሙ አበጠ፤ ቀጥሎም ልስኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፍ ጀመር። ለመልኩ ብቻ ቢሆን ችላ ባልነው ነበር። ነገር ግን ከግድግዳው ወዲህ ልጆቻችን ይተኛሉ። አንድ ማለዳ ፍራሻቸውን ብናነሣው ወደ ግድግዳው የተጠጋው ወገን ረጥቦና ሻግቶ አገኘነው። ትንሹ ልጅ ሲያስለው መሰንበቱ ያን ጊዜ ትዝ ብሎን ደነገጥን።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራን። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ከላይ እስከ ታች እያንኳኳ ካዳመጠ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ይህ ግድግዳ እስከ ዛሬ የቤት ውስጥ ልጅ ነበር፤ ዝናብ አያውቅም። ከሜዳ አወጣችሁትና ልብስ በማልበስ ፈንታ ዓይኑን ኳላችሁት» አለን። «ታዲያ አባባ፥ ምን ይሻላል?» ብንለው፥ «በመጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ቀለም የመጨረሻው ነው» ሲል መለሰልን።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ መልስ ውስጥ አለ። ውኃው የሚገባው በሦስት በር ነበር። ከላይ፥ የማድ ቤቷ ጣራ ሲነሣ የቤቱ ክፈፍ አጭር ሆኖ ስለ ቀረ ዝናቡ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ከመካከል፥ በቦዩና በፌሮው ዙሪያ ይሰርጋል። ከታች ደግሞ፥ የቀረው ወለል ወደ ቤቱ ያዘነበለ ስለ ነበር ውኃውን ሰብስቦ ወደ መሠረቱ ይልከዋል። የቂሊንጦ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቀላል ቤትን ሲያነሣና ሲጥል ግድግዳውን ይተረትረዋል። በዋልካ ላይ የቆመ ቤት ከሥሩ ውኃ ሲቋጥር ማየት እንግዲህ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሥራው ከጣራው ተጀመረ። ክፈፉ ወደ ውጭ ረዘመ፤ አሸንዳም ተሰቀለለት። ወለሉ ተሰብሮ ወጣና መሬቱ ከቤቱ በራቀ ቁጥር ዝቅ እንዲል ተስተካከለ። የፌሮው ጫፍ ከግድግዳው ፊት ጠለቅ ተደርጎ ተቆረጠና በስሚንቶ ተደፈነ፤ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ የሸፈነውን ልስን ገፍቶ ይጥለዋልና። ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው አሮጌ ልስን ሁሉ ተራገፈ። ጥቀርሻና ቅባት ልስንን አያስይዙምና እስኪጠሩ ድረስ ተፋቁ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው በውኃ ራሰ። ይህን ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው፤ ደረቅ ብሎኬት ግን የልስኑን ውኃ ስለሚመጠው ስሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሽቦ መረብ ተመታ፤ ያለ እርሱ ስንጥቁ በዚያው መስመር ይመለሳል። ቀጥሎ ሸካራ እርጭት፥ በላዩም አንድ እጅ ስሚንቶ በአራት እጅ የታጠበ አሸዋ ተለውሶ ልስኑ ተለሰነ፤ 7 ቀንም ጠዋትና ማታ ውኃ ጠጣ። ቀለሙ ልስኑ ከደረቀ ከ4 ሳምንት በኋላ ተቀባ። ቤቱ የጭቃ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ሌላ ነበር። ስሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃ ግን ከእርጥበትና ከድርቀት ጋር ይላወሳል፤ ስለዚህ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ስሚንቶ ከጀርባው እርጥበት አፍኖ በጊዜው ይላቀቃል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው አባቶቻችን እንዳደረጉት በጭድ የተቦካ ጭቃና ወጣ ያለ ክፈፍ ነው።

ይህን የቤታችንን ነገር ማውሳታችን ጉዳዩ የከተማው ሁሉ ስለ ሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በመንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ቤቶች በከፊል ፈርሰው የቀረው ግድግዳቸው ታድሶ ቀለም ተቀብቷል። ከተማ መታደሱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ትናንት የክፍል መካከል የነበረ ግድግዳ ዛሬ የቤቱ ፊት ሲሆን አዲስ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ከዝናብና ከፀሐይ ጋር መታገል ሊኖርበት ነው። ለዚህ ያልተዘጋጀ ግድግዳ ከመንገድ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ግን ለቄስ ነው።

ጠባሳን በልባስ መሸፈንም እንደዚሁ ነው። ክላዲንግ የሚባለው የአሉሚኒየም ልባስም ሆነ የአምቦ ድንጋይ ለጤነኛ ግድግዳ ጌጥ ነው፤ ለታመመ ግድግዳ ግን በሽታውን መደበቂያ ይሆናል። ከዚህም የከፋ አለ። በለንደን ግሬንፌል ታወር የተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ በእድሳት ጊዜ መካከሉ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ልባስ ለበሰ፤ እድሳቱም በ2008 ዓ.ም. ተፈጸመ። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት በአንድ መኖሪያ ውስጥ ከማቀዝቀዣ የተነሣ እሳት ወደ ልባሱ ተዛምቶ ሕንፃውን አነደደው፤ 72 ሰዎችም ሞቱ። ግድግዳ ምን እንደ ለበሰ መጠየቅ የሰው ነፍስ ጉዳይ መሆኑን ዓለም ከዚህ ተምሯል።

«ገንዘብ ሲያንስ ምን ይደረግ? ቀለሙ ይርከሳል» የሚሉን አሉ። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ልስንና ቀለም ከነቀን ሠራተኛው ዋጋ መሬት ላይ ፈሶ ቀረ፤ ሁለተኛውን ከፈልን፤ ፍራሹንም ተክተን ገዛን። ገንዘብ ያነሰው ሰው ክፈፉንና የውኃ መውረጃውን አስተካክሎ ልስኑን በደንብ ያስለስን፤ ቀለሙን ለከርሞ ያቆየው። ያልተቀባ ጤነኛ ግድግዳ አያሳፍርም።

ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን መለወጥንና ማፍረስንም በፈቃድ ሥር ማድረጉን ታውቃላችሁ። እንግዲህ ቅጥያ እንዲነሣ ስትፈርሙ ስለሚፈርሰው ብቻ አትጠይቁ፤ ስለሚቀረውም ጠይቁ። የቀረው ግድግዳ ጣራውን ይሸከማል ወይ? ውኃው ወዴት ይሄዳል? ማን፥ እስከ መቼ ይጠግነዋል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ቢሄዱ የብዙ ቤተ ሰብ ክረምት ይቃለላል።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ከእኛ ሰፈር አጠገብ ነው። የሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሥሌት መማር ያኮራል፤ ግን ከግቢያችሁ ወጣ ብላችሁ በዋልካ ላይ የቆመውን አንድ ግድግዳ በመዶሻ እጀታ አንኳኩታችሁ ማዳመጥን እንደ ትንሽ ሥራ አትቁጠሩት። ሽማግሌው ግንበኛ ያወቀውን እናንተ ከነምክንያቱ ብታውቁት አገር ይጠቀማል።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ልጆቻችን ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። በቀጠለው ክረምት ሐምሌ ሲጋመስ ፍራሻቸውን አንሥተን በእጃችን ዳሰስነው፤ ደረቅ ነበር።