«እንዴት?» የሚለውን ጥያቄ አንርሳው

ዛሬ የራሴን ስህተት ይዤ ቀርቤያለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ለክፍል ሥራ ስለ ኤሌክትሪክ ሲታር አጭር የሬዲዮ ዘገባ ሠርቼ ነበር። «ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከ13ቱ ተጨማሪ ክሮች ነው» ብዬ በሙሉ ልብ አነበብኩት። ጊታር የሚጫወት የክፍል ጓደኛዬ «እሺ፣ ክሮቹ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ማንበብ የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊታሪስቱ ቪኒ ቤል የነደፈውና በ1967 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው «ኮራል» ኤሌክትሪክ ሲታር፣ ከስድስቱ ዋና ክሮች ሌላ በጎኑ 13 አጃቢ ክሮች አሉት። አጃቢዎቹ ሳይነኩ ነው የሚሰሙት። እያንዳንዱ ክር በተቃኘበት ድምፅ ልክ የራሱ ንዝረት አለው። የተመታው ዋና ክር ከዚያ ጋር ሲገጥም፣ ንዝረቱ በመሣሪያው አካል አልፎ አጃቢውን ያንቀሳቅሰዋል። ዥዋዥዌን በሰዓቱ ገፋ ገፋ ስናደርገው ከፍ እያለ እንደሚሄደው ማለት ነው። ቅኝቱ ካልገጠመ ክሩ ዝም ይላል። የሚደርሰው ጉልበት ትንሽ ስለሆነም ለአጃቢዎቹ የራሳቸው ፒክአፕ ተሰጥቷቸዋል።

ዝዝታው ግን ሌላ ነው። ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ክሩ ሲርገበገብ ገጹን ደጋግሞ ይነካል፤ ድምፁ ከዚያ ይወጣል። የእኛው በገናም በአውታሩና በብርኩማው መካከል በሚገባው እንዚራ አማካይነት ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። «ቤቢ ሲታር» የተባለው የዚያው ዘመን መሣሪያ ደግሞ አንድም አጃቢ ክር የለውም፤ ዝዝታው ግን አለው። የእኔን ዘገባ ውድቅ ለማድረግ ይሄ ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ምን ይጠበስ ትሉ ይሆናል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ስለ ሙዚቃ ስንጽፍ «ልብ የሚሰርቅ»፣ «ልዩ ቃና» እያልን በቅጽል እናልፈዋለን። አንደኛ ዓመት ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብለን ስንማር «እንዴት» መጨረሻ ላይ ነበረ፤ የምንረሳውም እሱኑ ነው። ዛሬ በክር የገመተ ሰው ነገ በበጀት አኃዝም መገመቱ አይቀርም። አድማጭ ደግሞ አንዴ ከያዘን ትክክል ያልነውንም አያምነንም።

ስለዚህ የኪነ ጥበብ ዘገባ የምንሠራ ሁሉ፣ ከማንበባችን በፊት ቢያንስ አንድ ባለሙያ «እንዴት?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ጀምሬያለሁ።