«ናኖ ወርቅ» ለእናቴ ልግዛላት ወይ?

ሰሞኑን አንዲት እህታችን የአንድ ጠርሙስ ፎቶ በኢንቦክስ ልካልኝ፣ «ዶክተር፣ ናኖ ወርቅ ነው፤ ካንሰርን በብርሃን ያቃጥላል አሉኝ። እናቴ ኬሞ ከመጀመሯ በፊት ትሞክረው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴ አትሞክረው ነው። ግን ሻጮቹ የሚጠቅሱት ሳይንስ ራሱ ውሸት ስላልሆነ ትንሽ ላብራራ።

ወርቅ በጣም ሲደቅ ቢጫነቱ ይጠፋል። ደቃቁ ክብ ከሆነ ውሃውን ያቀላዋል፤ የእርግዝና መመርመሪያ ላይ የምታዩት ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እንደ በትር ረዘም ካለ ግን ዓይናችን የማያየውን፣ ሥጋችን ውስጥ ግን ጠለቅ ብሎ የሚገባውን ብርሃን ውጦ ይሞቃል። 2006 ላይ ግብፅ የተወለዱት ኬሚስት ሙስጠፋ ኤል ሰይድና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ በእነዚህ በትሮችና በሌዘር የካንሰር ሴሎችን ገደሉ፤ ለዚህ የፈጀው የሌዘር ጉልበት ለጤነኞቹ ሴሎች ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ነበር። ደስ ይላል አይደል? ግን ሴሎቹ የነበሩት ላብራቶሪ ውስጥ እንጂ ሰው ላይ አልነበረም።

አሠራሩንም እዩት። 2002 ላይ የካሊፎርኒያ በርክሌይ ተመራማሪዎች የወርቅ ጨውና ጥቂት የብር ጨው ሳሙና መሰል ኬሚካል ውስጥ ጨምረው ለ30 ሰዓት ያህል አልትራቫዮሌት ብርሃን አበሩበት። ብሩ ሲጨመር በትሩ ይረዝማል። እኔን እንደ ሐኪም የሚያስጨንቀኝ ያ ሳሙና መሰሉ፣ ሲታብ የሚባለው ነው። በትሩን በትርነት የሚያስይዘው እሱ ነው፤ ታጥቦ ካልወጣ ደግሞ ሴል ይገድላል፣ ጤነኛውንም ጭምር። ስለዚህ ተመራማሪዎች አጥበው በሌላ ነገር ይሸፍኑታል። የእናንተን ጠርሙስ ማን አጠበው? ውስጡ በትር ይሁን ክብ፣ ወርቅ ይሁን ቀለም እንኳ አልተጻፈበትም!

ደግሞስ ሌዘሩ የት አለ? 2019 ላይ ውጤቱ በወጣው የአሜሪካ ሙከራ 16 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች የወርቅ ደቃቅ ወስደዋል (በትር ሳይሆን በወርቅ የተለበጠ ክብ ዓይነት)። የተሰጣቸው በደም ሥር ነው፤ ከዚያ ሐኪሞቹ ሌዘሩን ፕሮስቴቱ ውስጥ አስገብተው አበሩ። ማንም አልጠጣም። ሆድ ውስጥ የገባ ወርቅ ያለ ብርሃን ጡት ላይ ያለ ዕጢ ምን ያደርገዋል?

እህቴ፣ እናትሽ ቀምሳው ከሆነ አትደንግጪ፤ አትደብቂም ደግሞ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ለካንሰር ሐኪሟ አሳዩ። የኬሞ ቀጠሮዋ ግን አንድ ቀንም አይለፍ።