ቀድሞ ለሰካ የሚሰጥ ድጎማ

ኤስኤፒ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ባለው ግቢው 16 የቻርጅ ሶኬቶች ሲያስተክል፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ሠራተኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2014 መግቢያ ላይ መኪኖቹ 61 ደረሱ፤ ሶኬቶቹ ግን ያው 16 ናቸው። ባልደረባ የባልደረባውን ገመድ እየነቀለ የራሱን መሰካት ጀመረ፤ ኃይለ ቃል የተሞሉ ኢሜይሎች ተመላለሱ፤ የአካባቢው ጋዜጦችም ነገሩን «የቻርጅ ቁጣ» ብለው ጻፉበት። ለጠብ ያበቃቸው ኤሌክትሪክ በሰዓት ቢሰላ ከአንድ ዶላር ብዙም አይዘልም። ዋጋ ባልተቆረጠለት ሶኬት ዙሪያ ተራ የሚያስከብር ነገር ስላልነበረ፣ ደህና ደመወዝ የሚያገኙ ባለሙያዎች እንኳ ለዚህች ገንዘብ ተናቆሩ።

የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ በነጻ ይሁን የሚለው ሐሳብ ዛሬም ደጋፊው ብዙ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ለአካባቢ ማሰባቸውን ያሳዩበታል፤ የገበያ ማዕከላት ደንበኛ ይስቡበታል፤ አምራቾች መኪናቸውን ያሻሽጡበታል። መከራከሪያውም ለጆሮ ይጥማል፦ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው የሚያጸዳው የሁሉንም አየር ነውና ወጪውን ሁሉም ቢጋራለት ምን አለበት? ሐሳቡ ትክክል የነበረበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ነጻ ቻርጅ መኪና የሌለውን አስከፍሎ ባለመኪናውን የሚጠቅም፣ ከባለመኪኖቹም መካከል በጣም የቸገረውን ወደ ወረፋው ጅራት የሚገፋ አሠራር ሆኗል። ሊቀር ይገባዋል።

ኦስሎ በ2008 በከተማዋ 400 የቻርጅ ቦታዎችን ለመትከል ስትነሳ ነጻ ማድረጓ ልክ ነበር። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ጠባብና ቀርፋፋ፣ ርቆ የማይሄድ ነገር ነበር፤ ሶኬት የሚሻማም ብዙ ሰው አልነበረም። መኪናው ሲበዛ ነጻው ሶኬት ነጻ ማቆሚያ ይሆናል፦ ጠዋት የሰካ ሰው ባትሪው ቀትር ላይ ቢሞላም እስከ ማታ የሚያስነሳው የለም። ከተማዋ ከማርች 2019 ጀምሮ ማስከፈል ያዘች። ሰዉ ወደ ቤንዚን ይመለሳል የሚለው ስጋት አልደረሰም፤ በ2024 በኖርዌይ ከተመዘገቡት አዳዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ኖርዌያዊውን ከቤንዚን ያላቀቀው ለዓመታት የዘለቀው የቀረጥና የቫት ምሕረት ነው፤ የሶኬቷ ነጻነት በዚያ ላይ የጨመረችው ጥቂት ነው።

የብሪታንያው ታሪክ ከዚህ የከፋ ስለሆነ በዝርዝር መታየት አለበት። ኢኮትሪሲቲ የተባለው የኃይል አቅራቢ በ2011 «ኤሌክትሪክ ሃይዌይ» የሚል ስም ሰጥቶ በፈጣን መንገዶች ዳር ባሉ ማረፊያዎች ቻርጀር መትከል ጀመረ፤ አገልግሎቱም በነጻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ከከተማቸው ወጥተው ረጅም መንገድ መሞከር የቻሉት በእነዚህ ሶኬቶች ስለሆነ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። በ2014 ግን በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የሚሄደው የሚትሱቢሺ አውትላንደር ሃይብሪድ መጣና በአገሪቱ እንደ ጉድ ተሸጠ። ባትሪው 12 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ 52 ኪሎሜትር ያስኬዳል። ከዘመኑ ሃይብሪዶች የሚለየው እንደ ሊፍ ሁሉ የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ የተገጠመለት መሆኑ ነው።

ሁለት ሾፌሮች አንድ ማረፊያ ይገባሉ እንበል። ሊፍ የሚነዳው ባትሪው ሊያልቅ ደርሷል፤ ካልሞላ መንገድ ላይ ይቀራል። አውትላንደር የሚነዳው ታንከሩ በቤንዚን ሙሉ ነው፤ ቢፈልግ ሳይቆም ማለፍ ይችላል። ሶኬቱ አንድ ነው፤ የተቆረጠላቸውም ዋጋ አንድ ነው፤ ዜሮ። እናም ባለሃይብሪዱ ጥቂት ፓውንድ የሚያወጣ ቤንዚን ለመቆጠብ ሰክቶ ቡናውን ሲጠጣ፣ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ባለሃይብሪዱ የጣሰው ሕግ የለም፤ የጋበዘው ዋጋው ነው። ከዚህ በኋላ በጨዋነት፣ በማስታወሻ ወረቀትና በይሉኝታ ለማስተካከል መሞከር ሾፌሮችን እርስ በርስ ከማቀያየም አልፎ የሚፈይደው የለም።

ኢኮትሪሲቲ በጁላይ 2016 ለ20 ደቂቃ 5 ፓውንድ፣ ብዙም ሳይቆይ ለ30 ደቂቃ 6 ፓውንድ ማስከፈል ሲጀምር ቁጣው ከባድ ነበር። አምስት ዓመት በነጻ የለመደ ሰው የተጨመረበት ዋጋ ሳይሆን የተነጠቀ መብት ሆኖ ይሰማዋል፤ ይህም ነጻ አገልግሎት ጥሎት ከሚሄደው ጉዳት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ታሪፍም በደንብ የታሰበ አልነበረም። በጊዜ እንጂ በኪሎዋት ሰዓት ስላልተሰላ ብዙ የሞላውም ትንሽ የሞላውም እኩል ከፈለ፤ በኋላ ነው የተስተካከለው። የሆነ ሆኖ ከሰላሳና ከአርባ ኪሎሜትር ለማይበልጥ ጉዞ 6 ፓውንድ ከመክፈል ቤንዚን ማንደድ ስለሚረክስ፣ ሃይብሪዱ ከፈጣን ቻርጀር ፊት የሚቆምበት ምክንያት ጠፋ። ያረጁትን መሣሪያዎች መቀየር ግን እስከ 2021 ድረስ፣ መረቡን ግሪድሰርቭ የተባለ ሌላ ድርጅት እስኪገዛው ድረስ ጠበቀ።

የነጻ ቻርጅ ጠበቆች እዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር ቀላል አይደለም። ሃይብሪዶች ባይሞሉ ኖሮ ቤንዚን ብቻ ያነዱ ነበር፤ ስለዚህ በነጻም ቢሆን መሰካታቸው ለአየሩ ይሻላል ይላሉ። በእርግጥም የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ሪፖርት፣ በመኪኖቹ ላይ ከተገጠመ መለኪያ በተሰበሰበ መረጃ፣ ባለመሰኪያ ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላቦራቶሪ ከተመዘገበላቸው በአማካይ 3.5 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ዋናው ምክንያትም ባለቤቶቹ ከታሰበው በጣም ባነሰ መጠን ስለሚሞሏቸው ነው። ነገር ግን የማይሞሉት እነማን ናቸው? አይሲሲቲ የተባለው የትራንስፖርት ጥናት ተቋም በ2020 ባሳተመው ጥናት፣ በግል የተያዙ ሃይብሪዶች ከሚጓዙት 37 በመቶ ያህሉን በኤሌክትሪክ ሲሸፍኑ፣ የድርጅት መኪኖች የሸፈኑት 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የድርጅት መኪና ሾፌር ብዙ ጊዜ ቤንዚኑን የሚከፍልለት አሠሪው ነው። ቤንዚን በነጻ ለሚቀዳ ሰው ኤሌክትሪኩንም ነጻ ማድረግ ምንም አይለውጥም፤ የሚለውጠው የነዳጅ ካርዱን መንጠቅ ነው።

የነጻ ቻርጅን ተስፋ ከሁሉ አስበልጦ የሰበከውም፣ ያጠፈውም ቴስላ ነው። ኩባንያው በሴፕቴምበር 2012 የመጀመሪያዎቹን ስድስት የሱፐርቻርጀር ጣቢያዎች በካሊፎርኒያ ሲያስተዋውቅ የሞዴል ኤስ ባለቤቶች ለዘላለም በነጻ እንደሚጓዙ አበሠረ። በ2015 ከቤታቸው አጠገብ ባለ ጣቢያ አዘውትረው ለሚሞሉ ደንበኞች፣ ጣቢያው ለረጅም ጉዞ እንደተሠራ የሚያሳስብ ደብዳቤ ላከ። በዲሴምበር 2016 ባትሪው ሞልቶ ሳይነሣ በሚቆይ መኪና ላይ በደቂቃ 40 ሳንቲም ጣለ። ከ2017 መጀመሪያ በኋላ ለታዘዙ መኪኖች ገደብ የለሹን ነጻ አገልግሎት አስቀረ። በ2018 ኢሎን መስክ ራሱ፣ መኪናው በብዛት ሲመረት ነጻ ቻርጅ ሊዘልቅ እንደማይችልና ተጠቃሚውንም ወደ ተገቢ አጠቃቀም እንደማይመራ ጻፈ። መኪናውንም ጣቢያውንም የያዘ፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ አጠቃቀም በደቂቃ የሚከታተል ኩባንያ ያልቻለውን፣ አንድ ማዘጋጃ ቤት ይችለዋል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

የጥገናው ነገር ከወረፋው ይብሳል። እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም፦ የሚያስከፍሉ ጣቢያዎችም ይበላሻሉ። በ2022 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 657 ፈጣን የቻርጅ መሰኪያዎችን የፈተሹ ተመራማሪዎች በትክክል ሲሠሩ ያገኟቸው 72.5 በመቶውን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ክፍያ የተለመደበት አካባቢ ነው። ዋጋ ብቻውን መሣሪያ አይጠግንም፤ ለዚህም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2023 በገንዘቡ የሚሠሩ ጣቢያዎች 97 በመቶውን ጊዜ ዝግጁ እንዲሆኑ ደንግጓል። ነገር ግን የሚያስከፍል ጣቢያ ሲበላሽ ቢያንስ ገቢ ይቀርበታል። ነጻው ጣቢያ ሲበላሽ ባለቤቱ ወጪ ይቀንስለታል፤ ተጠቃሚውም «በነጻ ሰጥተውህ» ስለሚባል አፉን ሞልቶ አይጠይቅም። ፖርቱጋል ሞቢ.ኢ የተባለውን ብሔራዊ የቻርጅ መረቧን በ2010 ለሙከራ ብላ በነጻ ጀምራ፣ ፈጣኖቹን እስከ 2018፣ መደበኛዎቹን እስከ 2020 ድረስ በዚያው ቆይታለች። አሥር ዓመት የሚሞከር ነገር የለም።

የካሊፎርኒያው ምሁር ዶናልድ ሹፕ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ነጻ መኪና ማቆሚያ ያሳዩት፣ ነጻ የተባለው ቦታ ዋጋው ወደ ቤት ኪራይና ወደ ሱቅ ሸቀጥ ተሸጋግሮ፣ መኪና የሌለው ሰው ጭምር እንደሚከፍለው ነው። ቻርጀርም እንዲሁ ነው፤ ያውም ከማቆሚያው የበለጠ ውድ መሣሪያ ተጨምሮበት።

ለአነስተኛ ገቢ ሾፌሮች ከታሰበስ? ጋራዥ ያለው ሰው ማታ ቤቱ ይሰካል፤ በአፓርታማ የሚኖረው የሚሄደው ወደ ሕዝብ ሶኬት ነው፤ ስለዚህ ነጻ መሆኑ ለድሃው ነው ይባላል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዎች እየኖሩ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ሲመለስ የሚያስፈልገው ነገር ሶኬቱ ክፍት መሆኑን ማወቅ ነው። ነጻው ሶኬት ላይ ቤቱ ቻርጀር ያለው ሰው ሁለት ዶላር ሊቆጥብ ቀድሞት ሰክቷል። ባለታክሲው አንድ ሰዓት ሲጠብቅ የሚያጣው ገቢ ከኤሌክትሪኩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቴስላም ጣቢያዎቹ ሲጨናነቁ በቅድሚያ ያገለለው ይህንኑ ሰው ነበር፦ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ደንብ፣ ከዚያ በኋላ የተገዙ መኪኖች ለታክሲና ለኡበር ሥራ ከዋሉ በሱፐርቻርጀር እንዳይሞሉ ከለከለ። ብዙ ኪሎሜትር የሚነዳው፣ ከጭስ መላቀቁ ለከተማው ይበልጥ የሚጠቅመው ሾፌር በሩ ተዘጋበት።

ጉዳዩ አዲስ አበባ ደርሷል። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ መሆናቸውን መንግሥት ይናገራል። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ውኃው የራሳችን፣ ግድቡ የራሳችን፤ ቻርጁ ለምን በነጻ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከመቀነቱ ፈትቶ ለግድቡ ቦንድ የገዛው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ግን ገና መብራት አላገኘም። መብራት ባለበት ሰፈርም ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ያለው በግድቡ ሳይሆን በትራንስፎርመሩና በመስመሩ ላይ ነው። 60 ኪሎዋት የሚስብ አንድ ፈጣን ቻርጀር፣ በአንድ ጊዜ ከተጣዱ ከ15 ያላነሱ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ጋር የሚተካከል ጭነት ነው። ለዚህ የሚሆን ትራንስፎርመር የሚተከለው በገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም ከሶኬቱ ካልመጣ ከሁሉም ሰው የመብራት ቢል ላይ ይመጣል።

ደግነቱ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌ የከፈተው ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ገና ከጅምሩ በቴሌብር የሚያስከፍል ነው። አገሪቱ ከነዳጅ ድጎማም የቀሰመችው ልምድ አለ፦ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የጅምላው ድጎማ ቀስ በቀስ ተነሥቶ የታለመለት ድጎማ ሲጀመር፣ ቅናሹ በታርጋ ተለይቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲደርስ ተደርጓል። ያንኑ መንገድ ወደ ቻርጅ ጣቢያ ማምጣት ይቻላል። ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ለሚኒባስና ለታክሲ ቅናሹ በታርጋ ይሰጥ፤ የቀረው ሰው በሞላው ኪሎዋት ሰዓት ልክ ይክፈል፤ ሌሊት ይርከስ፣ ምሽት እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ይወደድ፤ ባትሪው ሞልቶ ያልተነሣ መኪና በደቂቃ ይቆጠርበት፤ ታንከር ያለው ሃይብሪድ ፈጣኑን ሶኬት ለሌላው ይልቀቅ። ከተሰበሰበውም የተወሰነው እጅ ለጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፣ የተበላሸ ቻርጀር በስንት ቀን መጠገን እንዳለበትም በደንብ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ቀላል የሚሆነው መኪናውም ጣቢያውም ገና ጥቂት በሆነበት፣ ማንም በነጻ መሙላትን እንደ መብቱ ባልቆጠረበት በአሁኑ ወቅት ነው።