ገዳዩ ተያዘ፤ ከዚያስ?

«የወንጀል ልብወለድ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ምን ቀረው?» እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች ያበግኑኛል። አንድ መጽሐፍ ከመሀል አንስተው፣ መጨረሻውን ቀድመው ገልጠው፣ በዘውጉ ሁሉ ላይ ይፈርዳሉ። ስዊድናዊው ሄኒንግ ማንኬል የፈጠረውን መርማሪ ኩርት ቫላንደርን ከመጀመሪያው ተከትለውት ቢሆን ኖሮ አፋቸውን ይይዙ ነበር!

በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ከኢስታድ ከተማ ወጣ ብሎ አረጋውያን ገበሬ ባልና ሚስት በጭካኔ ይጠቃሉ። ሚስትየው ልትሞት ስታጣጥር የተናገረችው ቃል ጥርጣሬውን ወደ ባዕዳን ያዞረዋል። ወሬው ይሾልካል፤ በስደተኞች ላይ ጥላቻ ይቀጣጠላል፤ ምንም ያላጠፋ ሶማሊያዊ በጥይት ይገደላል። ስዊድን ውስጥ ዘመድ ያለው ሐበሻ ይህን ሲያነብ እንቆቅልሽ እየፈታ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ቫላንደር ራሱስ? ሚስቱ ትታው ሄዳለች፣ ልጁ ሊንዳ ርቃዋለች፤ ያገኘውን ይበላል፣ ይጠጣል፣ መኪናው ውስጥ ኦፔራ ያዳምጣል። ሠዓሊ አባቱ ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይነት መልክዓ ምድር ይሥላል፤ አንዳንዴ ወፍ ይጨምርበታል፣ አንዳንዴ ይተዋታል። ልጁ ፖሊስ መሆኑን ግን ይቅር አላለውም። አምስት መጻሕፍት ሙሉ ሲነታረኩ ከርመው፣ በስድስተኛው አብረው ሮም ይሄዳሉ። ከዚያ አባትየው ይሞታል። ያንን ሞት በአንድ ጥራዝ የጀመረና የጨረሰ ደራሲ ሊሰጠኝ አይችልም። እኔ ሽማግሌውን ለዓመታት አውቀው ነበር፤ አልቅሼለታለሁ!

ስንቱ የፊልም መርማሪ ነው ሰው ገድሎ በማግስቱ ቡናውን የሚጠጣው? ቫላንደር በሦስተኛው መጽሐፍ ሰው ገደለ። አራተኛው ሲከፈት ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ አቁሟል፤ መንፈሱ ተሰብሮ ዴንማርክ ባሕር ዳር ይንከራተታል፤ ከፖሊስነት ሊሰናበት ቆርጧል። ነፍስ ማጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ «ጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ሲናቅ ዝም አልልም። በኋላ ስኳር በሽታ ይይዘዋል፤ በ2009 በወጣው መጽሐፍ ደግሞ ፍንጭ በማስታወስ የኖረው ሰው የማስታወስ ችሎታው ይከዳዋል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ከመሀል አትምዘዙ። የሮሙን ጉዞ ሳታነቡ ደግሞ ስለ ገዳዩ ልታወሩኝ አትምጡ።