የከርሰ ምድር ውኃና የነጋዴው ሒሳብ

ስለ ውኃ አጠባበቅ ሕግ ይውጣ በተባለ ቁጥር ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያስከፍለኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ሕጉ ባለመኖሩ የሚጠፋው ገንዘብ በደረሰኝ ተጽፎ ስለማይመጣ ሒሳቡ ሁልጊዜ ጐደሎ ሆኖ ይቀራል።

በአሜሪካ የምትገኘው በረሃማዋ የአሪዞና ግዛት በ1980 እ.ኤ.አ. የከርሰ ምድር ውኃ አስተዳደር ሕግ አወጣች። አገረ ገዥው ብሩስ ባቢት የፈረሙበት ይህ ሕግ የፊኒክስን፣ የቱሳንን፣ የፕሬስኮትንና የፒናልን አካባቢ ለይቶ በዚያ አዲስ የመስኖ እርሻ እንዳይከፈት ከለከለ፤ ብዙ ውኃ የሚስቡ ጉድጓዶች እንዲለኩ አደረገ፤ መሬት ሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ የሚሸጥ ሰውም ለ100 ዓመት የሚበቃ ውኃ መኖሩን እንዲያስረዳ አዘዘ። ንግዱ በዚህ አልሞተም፤ እንዲያውም ፊኒክስ ከአገሪቱ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ለመሆን በቃች።

ከክልሉ ውጭ ያለው ገጠር ግን አጥር አልተደረገለትም። የሳውዲ ዐረብ መንግሥት ውኃው እያለቀ ስለ ሄደ በአገር ውስጥ የሚመረት ስንዴ መግዛቱን ከ2008 ጀምሮ እየቀነሰ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያቆም፣ የዚያው አገር የወተት ኩባንያ አስቀድሞ በ2014 በአሪዞና ገጠር መሬት ገዝቶ አልፋልፋ የተባለውን የከብት መኖ እያመረተ በመርከብ ወደ አገሩ ይልክ ጀመር። ከግዛቱ የተከራየውን መሬት አንዱን ኤከር በዓመት በ25 ዶላር ያህል ሲይዝ ለሚስበው ውኃ የሚከፍለው አልነበረም። አገረ ገዥዋ ወይዘሮ ኬቲ ሆብስ ኪራዩን ማቋረጥ የጀመሩት በጥቅምት 2023 ነው። እኔ ኩባንያውን አልወቅሰውም፤ ዋጋ ያልተተመነለትን ዕቃ የማያነሣ ነጋዴ የት ይገኛል?

እኛስ? የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ደለሉም ድርቁም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ለጫትና ለአትክልት መስኖ ቀን ከሌት ይስቡ የነበሩት ሞተሮች ድርሻ ቀላል አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ላይ ውኃ ዳግመኛ ቢታይም፣ ሐረር በመካከሉ ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓዶች ውኃ ሽቅብ ለማስመጣት ተገዳለች፤ ድሬዳዋም ራሷ የምትኖረው በጉድጓድ ውኃ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ አድርጎ ነበር። አሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን በእጅ በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ የናፍጣ ሞተር ከተቀመጠ በኋላ ያ ጉድጓድ የእጅ ጉድጓድ ነው ይባላልን? አሪዞና ነፃ የምታወጣውን ጉድጓድ የምትለየው በአቆፋፈሩ ሳይሆን በፓምፑ ጉልበት ነው፤ ወሰኑም በደቂቃ 35 ጋሎን፣ ማለትም 132 ሊትር ያህል ነው። የእኛም ደንብ እንዲሁ ቢሆን ባልዲ የሚጐትተው ገበሬ አይነካም።

ፓምፑን የሚያስመጣውና የሚሸጠው ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ወገን እንደ መሆኑ መጠን፣ ምክር ቤቱ አባሎቹ የሸጡትን የፓምፕ ጉልበትና የተወሰደበትን ወረዳ መዝግበው በየሦስት ወሩ ለውኃ ጽሕፈት ቤት እንዲያቀርቡ ቢወስን ሥራው የአንድ መዝገብና የአንድ ጸሐፊ ሥራ ነው። ጫት ላኪዎችም ይህን አሳብ ቢቃወሙት አይገባኝም፤ ጉድጓዱ ሲነጥፍ የውጭ አገር ገበያውን አስቀድሞ የሚያጣው የእነርሱ ጭነት ነውና።