ዋሽንት በማን ጣት ይለካ?

ዋሽንት ይሻሻል ወይስ እንደ ነበረ ይቆይ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ ወዲያው ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በተጫዋች እጅ የፕላስቲክ ቱቦ ሲያይ ቅርስ ተደፈረ ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ወገን ሸምበቆውን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርገውና፣ ከኪቦርድ ጋር ተስማምቶ የተበሳ አዲስ የዋሽንት ስብስብ ካልተገዛ ሙዚቃችን ከዓለም መድረክ አይደርስም ይላል። ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ቱቦው ነው፤ ስለ ቀዳዳው የሚናገር የለም።

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፋርጣ፣ እስቴና ጋይንት ድረስ፣ ዋሽንት በመጀመሪያ የእረኛ ዕቃ ነው። እረኛው ሸምበቆ ወይም ቀርቀሃ ቆርጦ፣ አንጓውን አውጥቶ፣ በጋለ ብረት ይበሳዋል። ቀዳዳዎቹ ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ርቀታቸውንም የሚለካው በገዛ ጣቱ ነው። ይህን እንደ ድንቁርና የሚቆጥር ሰው እስቲ ይቁጠር። አራቱ ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፣ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ሲከፈቱ አራት፣ በጠቅላላው አምስት ይሆናሉ። ትንፋሹ ሲበረታ ደግሞ እነዚያው አምስቱ በላይኛው እርከን ይደገማሉ። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ትምህርት ቤት ያልገባው እረኛ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አላባከነም።

እርግጥ ነው፣ መሻሻል ያስፈልጋል። ሸምበቆ ይሰነጠቃል። በደጋ ብርድና በመድረክ መብራት ሙቀት መካከል ድምፁ ይወርዳል፣ ይወጣል። የሁለት ሸምበቆ የውስጥ ስፋትም አንድ አይሆንም። ከዚህም በላይ የአንድ ዋሽንት መነሻ ድምፅ በርዝመቱ የተወሰነ በመሆኑ፣ ዘፋኙ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ተጫዋቹ ሌላ ዋሽንት ማንሣት ግድ ይለዋል። የመድረክ ባለሙያዎች ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች በአንድ ከረጢት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከሱቅ የውኃ ቱቦ ገዝቶ ቢበሳ ሊወቀስ አይገባም። ቱቦው ቀጥ ያለ ነው፤ አይሰነጠቅም፤ ዋጋውም ይቻላል። የሚያሳፍረው ለድምፅ ማጉያና ለኪቦርድ በጀት የሚይዝ ጽሕፈት ቤት ለዋሽንት ሲጠየቅ «እሱ እኮ ሸምበቆ ነው» ብሎ መሳቁ ነው።

ዋናው ስሕተት ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኪቦርድ አንዱን እርከን በ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። የዘፋኝ ጉሮሮ እንዲህ አይከፍልም፤ መሰንቆም ጣት የሚያርፍበት የተወሰነ ምልክት የለውምና ተጫዋቹ ድምፁን በጆሮው ፈልጎ ያገኘዋል። በኪቦርድ ተለክቶ የተበሳ ዋሽንት አንቺሆዬን ሲጫወት፣ እነዚያ ጠበብ ጠበብ ያሉት ርቀቶች ተስተካክለው ይወጣሉ፤ የሚሰማውም የአንቺሆዬ ግልባጭ ነው። ብልህ ተጫዋች ቀዳዳውን በከፊል እየሸፈነ ያርመዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ያርመዋል። ነገር ግን መሣሪያ የሚሻሻለው ተጫዋቹን ሊያግዝ ነው ወይስ ተጫዋቹ ዕድሜ ልኩን የመሣሪያውን ጉድለት ሲጠግን ሊኖር?

በ1950ዎቹ አጋማሽ በግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን በአንድ መድረክ ሲያሰባስብ እርስ በርስ ማስማማት ነበረበት። ክር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ የተበሳ ቀዳዳ ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ባለ ክሮቹ ለዋሽንት ሊቃኙ ይችላሉ፤ ፒያኖ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ የለበትም።

የሌላ አገር ምሳሌ ለሚሻ የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች አሉ። ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያቸው፣ ባግፓይፕ፣ ጥንት ከአካባቢያቸው እንጨት ይሠራ ነበር። ከዚያ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ በሚሄደው የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ተተካ፤ ዛሬ ከፕላስቲክ የሚሠራም አለ። እንጨቱ ሲለወጥ አላለቀሱም። ኦርኬስትራዎች የሚቃኙበት «ላ» በሰከንድ 440 ንዝረት ሲኖረው የእነርሱ ግን ዛሬ ከ470 በላይ ነው፤ ርቀቶቹም ከፒያኖ ጋር አይገጥሙም። ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር መጫወት ለሚፈልግ ለዚያው ሥራ የሚሆን ሌላ ቧንቧ ሠሩለት፤ ዋናውን ግን ለፒያኖ ብለው አልበሱትም። የዓለም መድረክም በዚህ ምክንያት አልዘጋባቸውም።

ይህን ለመረዳት ደብረ ታቦር ከስኮትላንድ መማር አያሻትም ነበር። ከከተማይቱ አጠገብ በጋፋት፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጥቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከውጭ ይምጣልኝ ብለው ብቻ አልተቀመጡም፤ እዚሁ ይሠራልኝ አሉ። በደብረ ታቦር ኢየሱስም የተክሌ አቋቋም ተማሪ ለማስመስከር ዓመታት ይቀመጣል፤ የመቋሚያውን እንቅስቃሴ እንደ ልቡ የሚለውጥ ተማሪ መምህሩ ፊት አይቆምም። ለመድፍ አውደ ጥናት፣ ለአቋቋም አስመስካሪ የነበራት አገር ለዋሽንት የቱቦ ነጋዴ ይበቃል ማለቷ የአቅም ማነስ አይደለም፤ ንቀት ነው። የናቁትም ሸምበቆውን ሳይሆን የሚነፋውን እረኛ ነው።

እንግዲህ አዲስ ስብስብ ይሠራ። ከእንጨት ይሁን፣ ከቀርቀሃ ይሁን፣ ቢያስፈልግ ከፕላስቲክ፤ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀዳዳ ከመበሳቱ በፊት ዋሽንት ነፊ፣ መሰንቆ መቺና ቅኝቱን የምታውቅ ዘፋኝ በሠሪው ፊት ይቀመጡ፤ ልኩም ከእነርሱ ይወሰድ። ለሠሪው እንደ ባለሙያ ይከፈለው፤ ስሙም በሥራው ላይ ይቀረጽ። አራቱ ቅኝቶች ተፈትነው ካለፉ በኋላ ለኪቦርድ የሚሆን ሁለተኛ ስብስብ ቢበሳ የሚቃወም አይኖርም።