«ጫማ አላደረግሽም ነበር?»

እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ጣውላ ላይ ቆማ ነው። ምጣዱ ይነዝራላ! ባለፈው ዓመት ሊጥ በነካ እጇ ጠርዙን ያዘችና ወደ ኋላ ወረወራት፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «ጫማ አላደረግሽም ነበር?» አላት። ምጣዱን ማን ሠራው ያለ የለም። እኔም አላልኩም።

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ይሄን ጨዋታ አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ ሲበላሽ «ተጠቃሚው ነው የተሳሳተው» እንላለን። ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ጨረር ማሽን ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ሕሙማን ላይ ከልክ ያለፈ ጨረር ለቀቀ፤ የሞቱም አሉ። በቀድሞው ሞዴል የነበረው የሃርድዌር መከላከያ ተነስቶ ደኅንነቱ ለኮድ ተትቶ ነበር። ሕመምተኞቹ «አቃጠለን» ሲሉ አምራቹ መጀመሪያ የመለሰው «ሊሆን አይችልም» ብሎ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ማምለጫም ትቶለታል፦ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ የሚታወቅ ከነበረ አይጠየቅም። እና እናቴ ገበያ መሀል ምጣዱን ገልብጣ፣ ሽቦው ከላሜራው መነካካቱን በቴስተር ትለካ?

«ትንንሽ ወርክሾፖች ይዘጋሉ» የሚሉ አሉ። «ቤቱስ ኤርዝ አለው ወይ?» የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ግን ወጪው ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የምትከፍለው ጋጋሪዋ ናት፣ በአጥንቷ። ኤርዝ የሌለው ቤት እንደሚበዛ የሚያውቅ ሠሪ ደግሞ ሽቦውን ከላሜራው አርቆ መሸፈን የሱ ሥራ ነው።

አንቀጹ ወረቀት ላይ የቀረበት አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ምጣዱ ስም የለውም፣ ደረሰኝም የለም። ማንን ትከሳለህ? በእኔ ሥራ እያንዳንዱ የኮድ መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው ይመዘገባል። ምጣድ ላይ የሠሪ ስምና ስልክ መቅረጽ ከዚህ ይከብዳል? ከአንቀጹ በፊት የምንጠይቀው ይሄን ነው።

እኔም ነፃ አይደለሁም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሶፍትዌርንም «ምርት» ብሎ ተጠያቂነት ውስጥ አስገብቶታል። ሙያ አጋሮቼ አጉረመረሙ። እኔ ግን የእናቴን እጅ አስሬአለሁ፤ ማጉረምረም አልቻልኩም።

የተጎዳ ሰው ስታገኙ ስለ ጫማው አትጠይቁት። «ማን ሠራው?» በሉ።